ስለ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ሕመምና ስለ ኢንጄክተር አመረማመር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ሞተር ግን በሽታውን መደበቅ አይችልም። ሲታመም ይንኳኳል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ጭሱን ያጠቁራል ወይም ያነጣል፤ ጠዋት አልነሣም ይላል። የሚጎድለው ምልክቱን አስተውሎ የሚያነብ ሰው ነው። ምልክቱን ማንበብ የማይችል መካኒክ አንዱን ዕቃ ከሌላው በኋላ ሲለውጥ ይውላል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ባለ መኪናው ነው።

እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ያለፉትን ሁለት ክረምቶች በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ስማር አሳልፌአለሁ። በዚያ ያየሁትን በክፍላችን ከተማርነው የፊዚክስ ትምህርት ጋር አገናዝቤ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማቅረብ አስቤ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። የጽሑፌም አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ኢንጄክተር ከመፈታቱ በፊት ሞተሩ በሥርዓት ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ጥያቄውም ገንዘብ ከማያስወጣው ተነሥቶ ብዙ ወደሚያስወጣው በተራ መሄድ አለበት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኢንጄክተር ምንድን ነው?

የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ በካንዴላ ብልጭታ ያቃጥላል። የናፍጣ ሞተር ግን ለማቃጠል ብልጭታ አያስፈልገውም። አየሩን ብቻ ወደ ሲሊንደሩ ስቦ አጥብቆ ይጨምቀዋል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፖምፓ የነፋ ሰው ሁሉ የፖምፓው ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃልና። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየሩ የነበረው ስፍራ ወደ ሃያኛው ገደማ ሲጠብብ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣ እንደ ጉም ሆኖ ቢረጭበት ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ይነዳል። ይህን ጉም የሚሠራው መሣሪያ ኢንጄክተር ይባላል።

ሞተሩን የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። አሳቡን በ1892 በፓተንት አስመዘገበ፤ በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ የሠራው ሞተር በሙከራ ተሳካለት። በዚያን ዘመን ናፍጣው የሚረጨው በታመቀ አየር ስለ ነበረ ሞተሩ ከባድ የአየር መጭመቂያ አብሮ መሸከም ግድ ሆነበት፤ በዚህ ምክንያት ለመኪና አልተመቸም። በ1927 የሮበርት ቦሽ ኩባንያ የናፍጣ ፖምፓ በብዛት መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሞተር ወደ ጭነት መኪናዎች በሰፊው ገባ። እንግዲህ ለናፍጣ ሞተር አረጫጨት ማለት ምን ያህል ዋና ነገር እንደሆነ ከታሪኩም መረዳት ይቻላል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ሞተር ለምሳሌ ልውሰድ። ይኸውም ቶዮታ ከ1990 ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የገጠመው «ዋን ኤች ዜድ» የተባለው ሞተር ነው። በአገራችን የገጠር መንገድ የሄደ ሰው ድምፁን ሳይሰማ አይቀርም። ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ሲሆን ስፋቱ 4,164 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ፖምፓው ናፍጣውን በስድስት የብረት ቱቦዎች ለስድስት ኢንጄክተሮች ያድላል። ስድስቱን ሁሉ የሚገፋው ግን በፖምፓው ውስጥ ያለ አንድ ገፊ ብቻ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ ለምርመራችን ትልቅ ረዳት ይሆነናል።

በኢንጄክተሩ ጫፍ ኖዝል የሚባል ክፍል አለ። በኖዝሉ ውስጥ አንዲት መርፌ ቀዳዳውን ደፍና ትቀመጣለች፤ ከላይ ጠንካራ ሞላ ተጭኗታል። ከፖምፓው የመጣው የናፍጣ ግፊት ከሞላው ኃይል ሲበልጥ መርፌዋ ትነሣና ናፍጣው ይረጫል። ግፊቱ ሲወርድ ሞላው መርፌዋን መልሶ ይዘጋታል። በዚህ ዓይነት አሮጌ ሞተር መርፌዋ የምትነሣው ከ100 እስከ 150 ባር በሚሆን ግፊት አካባቢ ነው። የአንዲት ትንሽ መኪና ጎማ የሚይዘው 2 ወይም 3 ባር መሆኑን ብናስብ ኃይሉ ይገባናል።

ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ኢንጄክተር በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይረጫል። ይህም በአንድ ሴኮንድ ከ16 ጊዜ በላይ ማለት ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲጎትት እንኳ በአንድ ጊዜ የሚረጨው መጠን ከአንድ የውሃ ጠብታ አይበልጥም። በመርፌዋና በቤቷ መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በሺኛ ሚሊ ሜትር ነው። ዐይናችን የማያያት አቧራ ለዚህ መሣሪያ ድንጋይ ናት።

ኢንጄክተር በምን በምን ይታመማል?

ያየኋቸውና የተማርኋቸው ሕመሞች በአራት ይከፈላሉ።

1ኛ/ መርፌዋ ጥርቅም ብላ አለመዘጋት። ናፍጣው ከተረጨ በኋላ ይንጠባጠባል።

2ኛ/ የኖዝሉ አፍ በጥላሸት መታፈን ወይም መበላት። ናፍጣው እንደ ጉም መሆኑ ቀርቶ እንደ ክር ወይም እንደ ጅራት ሆኖ ይወጣል።

3ኛ/ የሞላው መድከም። መርፌዋ ያለ ጊዜዋ ቀድማ ትከፈታለች፤ ሞተሩም ይንኳኳል።

4ኛ/ የመርፌዋ መጣበቅ። ተከፍታ ከቀረች ናፍጣ ይፈስሳል፤ ተዘግታ ከቀረች ያ ሲሊንደር ሥራ ይፈታል።

ከነዚህ ሁሉ የሚያስፈራው መንጠባጠብ ነው። የተንጠባጠበው ናፍጣ ያለ ሰዓቱ እየነደደ የፒስተኑን ራስ ይለበልበዋል፤ ብዙ ከቆየ ቀልጦ ሊበሳ ይችላል። ያልነደደውም ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርድና የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል። ስለዚህ በጊዜው አንድ ኖዝል በመለወጥ የሚድን ሞተር በቸልተኝነት ሙሉ እድሳት እስከ መፈለግ ይደርሳል። ሆኖም በሌላ ወገን ጥፋት የሌለባቸውን ስድስት ኢንጄክተሮች አውጥቶ መጣልም ያው ኪሳራ ነው። ከሁለቱም የሚያድነን ምርመራ ብቻ ነው።

የጭስ ምስክርነት

ጭስ ብዙ ይናገራል፤ ነገር ግን ለብቻው ሊታመን አይገባም።

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ለአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ናፍጣው በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ አየሩ አንሶም ሊሆን ይችላል። በደጋ አገር ለምንኖር ሰዎች ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር ከሚሌ በረሃ ደኅና ሲመጣ ውሎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት ሲይዝ ቢያጨስ ኢንጄክተሩ በዚያች ሰዓት ታመመ ማለት አይደለም፤ አየሩ ስለ ሳሳ ነው። መካኒኩ «ጭሱ በቆላም፣ በሜዳም፣ ቆሞም አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ነጭ ጭስ ዐይን የሚያቃጥልና የጥሬ ናፍጣ ሽታ ያለው ከሆነ ናፍጣው ሳይነድድ ወጥቷል ማለት ነው። በብርድ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ቢታይ ብዙ አያስደነግጥም። ሞተሩ ሞቆም ካልተወ ግን ከኢንጄክተር ወይም ከእመቃ መድከም ሊሆን ይችላል። ሽታው ጣፋጭ ቢጤ ሆኖ የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ደግሞ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነውና የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይመርመር።

ሰማያዊ ጭስ የሚነድድ የሞተር ዘይት ነው። በዚህ ጊዜ ኢንጄክተሩን መክሰስ አይገባም።

ከምርመራው በፊት ስለ ጥንቃቄ

በግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ እንደ መርፌ ውጊ ትንሽ መስሎ መጀመሪያ ላያሳምምም ይችላል፤ በውስጥ ግን ሥጋውን ይገድላል፤ ጣት ወይም እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ እጅን በሚረጭ ኢንጄክተር ፊት ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ጓንትም አያድንም። የተወጋ ሰው ቢኖር ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ በግፊት የወጣ ናፍጣ እንደ ወጋውም ለሐኪሙ ይንገር።

የተረጨ ናፍጣ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ በአጠገቡ ሲጋራ አይጨስም። ዐይንም በመነጽር ይሸፈን።

ደግሞም ከዚህ በታች የምገልጸው ቱቦ የማላላት ሙከራ ለአሮጌው ዓይነት ሞተር ብቻ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት መጥቶ ዛሬ በሰፊው የተሰራጨው ኮመን ሬል የተባለው ሞተር ግፊቱ ከ1,000 ባር እጅግ ስለሚያልፍ እንዲህ ያለ ሙከራ በእርሱ ላይ ማድረግ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የእርሱ ምርመራ በኮምፒዩተር ይደረጋል።

የምርመራው ሥርዓት

አለቃዬ ለተማሪዎቹ ሁሉ ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ቃል ነበር፤ «የሁሉ ነው ወይስ የአንዱ?» ይላሉ። የምርመራው ቁልፍ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ይገኛል። ስድስቱም ሲሊንደሮች አንድ ዓይነት ሕመም ካሳዩ ምክንያቱ የሁሉ የጋራ የሆነው ዕቃ ነው፤ ይኸውም አየሩ፣ ናፍጣው፣ ማጣሪያው፣ ፖምፓው ወይም የፖምፓው ሰዓት አገጣጠም ነው። አንዱ ብቻ ከታመመ ግን ምክንያቱ የዚያ የአንዱ የራሱ ከሆነው ዕቃ አይወጣም፤ ይኸውም ኢንጄክተሩ፣ ቱቦው፣ በፖምፓው ላይ ያለው የዚያ ቱቦ መውጫ ቫልቭ፣ ወይም የሲሊንደሩ ቫልቭና ፒስተን ነው። ቀደም ብዬ እንዳልሁት በዚህ ሞተር ፖምፓ ውስጥ ገፊው አንድ ብቻ ነው። እርሱ ቢያረጅ ስድስቱም ይደክማሉ እንጂ አንዱ ተለይቶ አይደክምም።

ሥርዓቱ በተራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ታሪኩን መጠየቅ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ሲበርድ ነው ወይስ ሲሞቅም? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ናፍጣ የተቀዳው ከማደያ ነው ወይስ ከበርሜል? ይህ ጥያቄ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

2ኛ/ የአየር ማጣሪያውን ማየት። በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ የታመመ ኢንጄክተር የሚያወጣውን የመሰለ ጥቁር ጭስ ያወጣል።

3ኛ/ የናፍጣ ማጣሪያውን ማየት። ከታች ያለውን መክፈቻ ላላ አድርጎ በጠርሙስ መቅዳትና ጥቂት ማቆየት ነው። ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል። ከሰልባትዮው የሚመጣው መስመር አየር የሚስብ እንደሆነ ለማወቅ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ይተካበታል፤ አረፋ ከታየ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ አለው። አየር የሚስብ ሞተር ልክ ኢንጄክተሩ እንደ ታመመ ሞተር ይንቀጠቀጣል።

4ኛ/ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን መፈተሽ። ብልጭታ የሚሰጡ አይደሉም፤ በብርድ ሰዓት ክፍሉን የሚያሞቁ ናቸው። ሞተሩ ጠዋት ብቻ አስቸግሮ ከሞቀ በኋላ ደኅና ከዋለ አስቀድሞ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው እነርሱና ባትሪው ናቸው።

5ኛ/ አንድ በአንድ የማላላት ሙከራ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በአንዱ ኢንጄክተር ራስ ላይ ያለው የቱቦ ዳዶ በጨርቅ ተሸፍኖ በቁልፍ ጥቂት ይላላል። ናፍጣው ወደ ውጭ ስለሚፈስ ያ ሲሊንደር ሥራውን ያቆማል። ሲሊንደሩ ደኅና ከነበረ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ይሰበራል፤ ፍጥነቱም ይወርዳል። ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞም ሥራ አልነበረውም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከማርሚታው በኩል ቆሞ ጭሱን ይመልከት። አንዱ ዳዶ ሲላላ ጭሱ የሚቀር ከሆነ አጫሹ ያ ነው። ዳዶው ተመልሶ ከጠበቀ በኋላ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

6ኛ/ የማለዋወጥ ሙከራ። የተጠረጠረው ኢንጄክተር ከደኅነኛው ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ሕመሙ ኢንጄክተሩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ኢንጄክተሩ ነው። ሕመሙ በቦታው ከቀረ ግን ኢንጄክተሩ ንጹሕ ነው፤ ቱቦው፣ የፖምፓው መውጫ ቫልቭና የሲሊንደሩ እመቃ ይመርመሩ። ይህ ሙከራ የሚያስወጣው የአዲስ ሮንዴላ ዋጋና የግማሽ ቀን ድካም ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው፤ የመኳኳት ድምፅን በሚመለከት ደግሞ የግድ ያስፈልጋል። ዳዶ ሲላላ የኢንጄክተር ኳኳታ ብቻ ሳይሆን ያረጀ የቢዬላ ብሮንዝ ኳኳታም ሊቀንስ ይችላልና፤ ሁለቱን የሚለያቸው ማለዋወጡ ነው።

7ኛ/ የጠረጴዛ ሙከራ። ኢንጄክተሩ በእጅ በሚገፋ መሞከሪያ ላይ ይታሰራል። መርፌዋ በስንት ባር እንደምትነሣ በመለኪያው ይነበባል፤ ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋርም ይነጻጸራል። ከዚያም ግፊቱ ከመክፈቻው ከ10 እስከ 20 ባር ዝቅ ብሎ ለ10 ሴኮንድ ይያዛል። በዚህ ጊዜ ከኖዝሉ ጫፍ ጠብታ መውደቅ የለበትም። የሚረጨውም ጉም እኩል የተበተነና ጅራት የሌለው መሆን ይገባዋል።

አንድ የታየ ምሳሌ

ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት ሾፌር ይህ ሞተር ያለበትን ላንድክሩዘር ወደ ጋራዣችን አመጡ። መኪናው ከደሴ ወደ ገጠር ሰውና ዕቃ እያመላለሰ የሰባት ሰው ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ነው። ሞተሩ ጠዋት ነጭ፣ ሲጎትት ጥቁር ያጨሳል፤ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ቦታ ታይቶ «ስድስቱም ኢንጄክተሮችና ፖምፓው ይለወጡ» ተብለው ስለ ነበረ ገንዘቡን ለመበደር እያሰቡ ነበር።

አለቃዬም «ጋሼ፣ ብድሩን ጥቂት ያቆዩት፤ አስቀድመን ሞተሩን እንጠይቀው» አሏቸው።

ታሪኩ ሲጠየቅ ሕመሙ የጀመረው በገጠር ከበርሜል ናፍጣ ከቀዱ በኋላ መሆኑ ታወቀ። የአየር ማጣሪያው ደኅና ነበር። ከናፍጣ ማጣሪያው የቀዳሁት ጠርሙስ ግን ከታች ሁለት ጣት ያህል ዝገት የመሰለ ውሃ አጠራቀመ። ማጣሪያው ተለወጠ፤ ሰልባትዮው ታጠበ። መንቀጥቀጡ ጥቂት ቢቀንስም አልተወም።

ከዚያ በኋላ ዳዶዎቹን በየተራ አላላን። በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ድምፁ ተሰበረ። 4ኛውን ስናላላ ድምፁ ብዙም አልተለወጠም፤ ከማርሚታው በኩል የቆመው ጓደኛዬ ግን «ጭሱ ቀረ!» ብሎ ጮኸ። 5ኛውና 6ኛው ደኅና ነበሩ። እንግዲህ ሕመሙ የአንዱ እንጂ የሁሉ እንዳልሆነ ተገለጠ። በዚህ ጊዜ ሾፌሩን «ፖምፓው ቢሞት ኖሮ ስድስቱም ባለቀሱ ነበር» አሏቸው አለቃዬ።

በማግሥቱ ሞተሩ በበረደበት ሰዓት 4ኛውና 1ኛው ቦታ ተለዋወጡ። ሞተሩ ሲነሣ ሕመሙ ወደ 1ኛው ሲሊንደር ሄዶ ተገኘ። ከዚያ ስድስቱም ወጥተው በመሞከሪያው ላይ ታዩ። አምስቱ ግፊታቸው ከመጽሐፉ ወሰን ውስጥ ሲሆን አልተንጠባጠቡም። የተጠረጠረው ግን ቀድሞ ይከፈታል፤ አሥር ሴኮንድ ሳይሞላም ጠብታ ጣለ። ሲፈታ መርፌዋ ላይ የዝገት ጠባሳ ታየ። አንድ አዲስ ኖዝል ተገዛ፤ ከሞላው በላይ በሚገባው ቀጭን ሮንዴላ ውፍረት ግፊቱ ከሌሎቹ ጋር እንዲተካከል ሆነ። ሮንዴላው ሲወፍር ሞላው ይጠብቃል፤ የመክፈቻውም ግፊት ይጨምራል።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሣ መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ ጭሱም ጠራ። ባለ መኪናው የከፈሉት የአንድ ኖዝል፣ የአንድ ማጣሪያ፣ የሮንዴላዎችና የእጅ ዋጋ ነው።

ነገር ግን ማለዋወጥ ሁልጊዜ ኢንጄክተሩን ይከስሳል ማለት አይደለም። በዚያው ወር በመጣ በሌላ መኪና ላይ ኢንጄክተሮቹ ሲለዋወጡ ሕመሙ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። እመቃው ሲለካ የዚያ ሲሊንደር ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ቴስታታው ሲነሣም የተቃጠለ ቫልቭ ታየ። ለዚያ መኪና ኢንጄክተር ቢገዛለት ኖሮ ገንዘቡ በከንቱ በፈሰሰ ነበር።

ሲፈታና ሲገጠም

ጥሩ ምርመራ በመጥፎ አገጣጠም ሊበላሽ ስለሚችል ጥቂት ምክር ልጨምር። ከመፍታት በፊት የኢንጄክተሩ ዙሪያ ታጥቦ ይድረቅ። የተከፈተ ቱቦ ሁሉ አፉ በንጹሕ ክዳን ይዘጋ፤ በጨርቅ መወተፍ ግን ክር ስለሚጥል አይመከርም። ከጉድጓዱ ውስጥ አሮጌው ሮንዴላ መውጣቱ ይረጋገጥ፤ በአሮጌው ላይ አዲስ ቢደረብ እሳት በጎን ያመልጣል። የኖዝል ጥላሸት በእንጨትና በናስ ብሩሽ ይጸዳል እንጂ በብረት አይፋቅም። የአንዱ መርፌ ወደ ሌላው ቤት አትግባ፤ እያንዳንዷ ከቤቷ ጋር ተስማምታ የተሠራች ናትና።

ከተገጠመ በኋላ በማጣሪያው ላይ ባለው የእጅ ፖምፓ አየሩ ይወጣል። ዳዶዎቹ በኢንጄክተሮቹ ራስ ላይ ላላ እንዳሉ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል፤ ናፍጣ ብቅ ሲል ይጠብቃሉ።

ሕመሙ እንዳይመለስ

ኢንጄክተርን የሚገድሉት በተለይ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ውሃ፣ አቧራና የተቀላቀለ ነዳጅ። ውሃ መርፌዋን ያዝጋታል። አቧራ ይፍቃታል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ቅባትነቱ ስለሚያንስ ፖምፓውንም መርፌዋንም ያደርቃቸዋል። በናፍጣ ብቻ የሚለሰልሱ ናቸውና። ስለዚህ ከበርሜል ወይም ከጀሪካን መቅዳት ግድ ሲሆን ናፍጣው አስቀድሞ ተቀምጦ ይዝቀጥ፤ የበርሜሉም ታችኛው ክፍል አይቀዳ። የማጣሪያው ውሃ በየጊዜው ይፍሰስ። ማጣሪያው ራሱ በመጽሐፉ በተወሰነው ኪሎ ሜትር ይለወጥ። የማጣሪያ ዋጋ ከኖዝል ዋጋ፣ የኖዝልም ዋጋ ከፒስተን ዋጋ ያንሳል።

ማጠቃለያ

ለዚህ ሁሉ ምርመራ ያስፈለጉን አንድ ቁልፍ፣ አንድ ጠርሙስ፣ ጥቂት ጨርቅ፣ ሁለት ጆሮና ሁለት ዐይን ናቸው። መሞከሪያው እንኳ የመጣው በመጨረሻ ነው። ከመሣሪያው ይልቅ የሚበልጠው የአሳብ ሥርዓት ነው። በሳይንስ ክፍል መምህሮቻችን አንድን ነገር ብቻ እየለወጣችሁ ሌላውን ሳትነኩ ውጤቱን ተመልከቱ ይሉናል። ኢንጄክተርን ከቦታ ወደ ቦታ አለዋውጦ ሕመሙን መከታተል ያንኑ ትምህርት በዘይት በተቀባ እጅ መሥራት ነው።

የሰው አሮጌ መኪና በእጃችን ሲገባ የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ በእጃችን እንደ ገባ እንወቅ። «ይለወጥ» የሚለው ቃል ለመናገር ቀላል ነው፤ ለከፋዩ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ የሙያ ትምህርት የምትከታተሉ ጓደኞቼ ሆይ፣ ሞተር ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቀጥሎ ስሙ፤ ከዚያ ለዩ፤ በመጨረሻ ፍቱ። የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ አሳዩት፤ ለምን እንደ ተለወጠም አስረዱት። ባለ ሙያ የሚታመነው በዚህ ነው።